አልፈርምም ያልኩበት ሰኞ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት የሥራ ባልደረባዬ ወረቀት ይዛ መጣች። በደንብ ያልተፈተሸ ሶፍትዌር ፈርማ እንድትረከብ ተጠይቃ ነው። «ሁሉም ፈርመዋል፤ እኔ ብቻዬን ምን ልሁን?» አለችኝ። እኔም በሃያ ሦስት ዓመቴ ወልድያ ላይ እንዲህ ያለ ወረቀት ፊቴ የተቀመጠበት ሰኞ ትዝ አለኝ።

ያኔ የምሠራው አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነጻ የሕግ ምክር በሚሰጥ ትንሽ ድርጅት ነበር። ከመርሳ በሚኒባስ እመላለሳለሁ። ጥቅምት ስለነበር እስከ ሲሪንቃና ከዚያም ወዲያ መንገዱ ግራና ቀኙ ማሽላ ነው፤ መስኮቱን ስከፍት የእሸቱ ሽታ ይገባል። ያን መንገድ እወደው ነበር፤ ዛሬም እወደዋለሁ።

ድርጅቱ ሴቶች ካሉበት ሆነው አቤቱታ የሚያስገቡበት ድረ ገጽ አሠርቶ ነበር፤ ከመከፈቱ በፊት መፈተሽ የእኔ ሥራ ነው። ማስረጃ በሊንክ ማያያዝ ይቻላል፤ ሊንኩን ሲሰጡት የድርጅቱ ሰርቨር፣ ማለት ድረ ገጹን የሚያሠራው ኮምፒውተር፣ ራሱ ሄዶ ፋይሉን ያመጣና ያሳያል። ግን ወዴት እንደተላከ አያጣራም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ በሊንኩ ቦታ የቢሮውን የውስጥ ኮምፒውተር አድራሻ ጻፍኩበት። ያ ኮምፒውተር ከውጭ ለሚመጣ ሁሉ ዝግ ነው፤ ለሰርቨሩ ግን ክፍት ነው። ሄዶ የባለጉዳዮቹን መዝገብ አምጥቶ ዘረገፈልኝ።

የመጀመሪያው ስም የእትዬ ፋጡማ ነበር፤ የመርሳ ጎረቤታችን። ባለቤታቸው ሲሞቱ የባለቤታቸው ወንድም መሬታቸውን ቀምቷቸው ነበር፤ ለካ በድብቅ አቤት ብለው ኖሯል። ሰውየው ቢሰማ ምን እንደሚያደርግ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ገጹን ወዲያው ዘጋሁት።

ሰኞ ጠዋት ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ ግርማ ነገርኳቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ለማግስቱ ምረቃ እንግዶች ተጠርተዋል፣ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል።

«ይሄን ማን ያውቃል ብለሽ ነው? የሠራው ሰውዬ እንኳ አላየውም» አሉኝ፣ የርክክቡን ወረቀት ወደ እኔ እየገፉ።

«እኔ እዚሁ ወልድያ ተምሬ አወቅሁት። እኔ ካወቅሁት ሌላም ያውቀዋል።»

«ከምረቃው በኋላ ይስተካከላል። ፈርሚ።»

«አልፈርምም።»

«ዘይነባ፣ ኮንትራትሽ የሚያልቀው በዚህ ወር ነው።»

«አውቃለሁ። አልፈርምም።»

ከዚያ ከቢሮው ውጭ ያለ ሰውም እንደሚያየው እንዲያምኑ በራሳቸው ስልክ፣ በሞባይል ዳታ እንዲሞክሩት ለመንኳቸው። አድራሻውን ነገርኳቸው፤ ጻፉት። መዝገቡ ሲመጣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፉት።

«ለእንግዶቹ ምን ልበል ታዲያ?»

«እውነቱን ይንገሯቸው። ካልሆነ እኔ ድንኳኑ ውስጥ ቆሜ እነግራቸዋለሁ።»

ድምፄ ያን ያህል ይወጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። በፊርማው ቦታ ላይ የማልፈርምበትን ምክንያት ጽፌ ወረቀቱን መለስኩላቸው።

ምረቃው ተራዘመ። ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ ሰርቨሩ ከተፈቀዱለት ቦታዎች በቀር የትም እንዳይሄድ፣ የውስጥ ኮምፒውተሮቹንም እንዳይነካ አደረገው። ደግሜ ስሞክረው እምቢ አለኝ፤ እምቢ ተብዬ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። በወሩ መጨረሻ ግን ኮንትራቴ አልታደሰም።

ያን ሰሞን እትዬ ፋጡማ ፓፓያ ይዘው ቤታችን መጡ።

«ሥራዋን ለቀቀች አሉኝ፤ ምን አጠፋሽ ልጄ?»

«ምንም እትዬ። አልተስማማንም።»

«አላህ የተሻለውን ይስጥሽ» አሉና ፓፓያውን ሰነጠቁልኝ።

ስማቸውን እንዳየሁ እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። በሁለተኛው ዓመት መሬታቸውን በፍርድ ቤት አስመልሰው ሲያሳርሱ ግን አይቻለሁ።

ይህን ሁሉ ለባልደረባዬ አወራኋት። «አልቆጨዎትም?» አለችኝ። ሥራ አጥቶ ቤት መዋል ከብዶኝ ነበር፤ ያን አልደበቅኳትም። ቁጭት ግን የለኝም። ፈርሜ ቢሆን ኖሮ ያንን ፓፓያ እንዴት እበላው እንደነበር አላውቅም። በዕድሜ የለዘብኩ የሚመስላቸው አሉ፤ ተሳስተዋል። ዛሬም ቢያመጡልኝ አልፈርምም።