"ከርከዴ ነው" ያልኩት ወይን

ይህ የገጠመኝ ካቻምና ግንቦት ላይ፣ ሰመራ ውስጥ ነው። ዛሬም ብርጭቆ ውስጥ ቀይ መጠጥ ሳይ ያ ቀን ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። የምኖረው እትዬ ዘይነባ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። እትዬ ዘይነባ የወሎ ሰው ናቸው። ሱቅ አላቸው፤ ሶላታቸውን አያሳልፉም፤ ለተከራይ እንደ እናት ናቸው።

ያን ሰሞን እጮኛዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ልትመጣ ስለነበር የፍየል ጥብስ ላበላት አሰብኩ። አዋሽ ለሥልጠና ስሄድ፣ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ የሆነውን ጓደኛዬን ተስፋዬን ከጥብሱ ጋር ምን ልግዛ አልኩት። ተስፋዬ ስለ ወይን ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። "ሜርሎ ለስላሳ ነው፤ ከዶሮና ከፓስታ ጋር ይሄዳል። ካበርኔ ሶቪኞን አፍ ያደርቃል፤ ጮማ ሥጋ ይፈልጋል። በርበሬ ከበዛበት ወጥ ጋር ግን አታገናኘው፤ ያቃጥልሃል። ለፍየል ጥብስህ ሲራ ውሰድ፤ ራሱም ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ይላል" አለኝ። ሲራውን ገዛሁ። ስንለያይም "ቀይ ወይን ፍሪጅ አይገባም፤ በክፍል ሙቀት ነው የሚጠጣው" ብሎ አስጠነቀቀኝ።

ተስፋዬ የኔን ክፍል አያውቃትም። በግንቦት ቅቤ ዘይት ሆኖ የሚውልባት ክፍል ናት። ጠርሙሱ በሚኒባስ ገዋኔን አልፎ ሰመራ ሲደርስ ቡሹ ወደ ላይ ገፍቶ ይንጠባጠብ ነበር። ወይኑን ወደ ውሃ ሃይላንድ ገለበጥኩት። በግቢው ውስጥ ያለው ፍሪጅ የእትዬ ዘይነባ ብቻ ነውና ወደዚያ ይዤው ሄድኩ። ልጃቸው ፋጡማ "ምንድን ነው?" አለችኝ። "ከርከዴ ነው" አልኳት፣ ዓይኔን ሳላሽ። እነሱም ከርከዴያቸውን፣ ከደረቀ አበባ የሚፈላውን ቀይ መጠጥ፣ ሃይላንድ እየሞሉ ነው የሚያቀዘቅዙት። ቀለሙ ቁርጥ አንድ ነው።

በሁለተኛው ቀን ለምሳ ስመለስ እትዬ ዘይነባ በር ላይ የብዙ ሰው ጫማ ተደርድሯል። ለፋጡማ ሽማግሌ እንደሚላክ ሰምቼ ነበር፤ ጭራሽ ረስቼዋለሁ። በተከፈተው በር ሳይ ሽማግሌዎቹ ቀይ መጠጥ ይዘዋል። ሃይላንዱ ከመሀል ትሪው ላይ ቆሟል።

ዕድሜያቸውን ሙሉ አልኮል ያልቀመሱ አባቶች በኔ ውሸት ሊቀምሱ ነው። የፋጡማም ጋብቻ እዚያው ሊያበቃ ነው። ትልቁ ሽማግሌ፣ ፂማቸውን ሂና የተቀቡ ሐጂ፣ ብርጭቆውን ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ዘልዬ ገባሁ።

"አይጠጡ ሐጂ፣ ወይን ነው። እኔ ነኝ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጥኩት" አልኩ።

አንዱ ሽማግሌ "አስተግፊሩላህ" ብለው ብርጭቆውን ከፊታቸው አራቁት። ሐጂ ግን የሚያዩት እኔን ሳይሆን እትዬ ዘይነባን ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እትዬ ዘይነባ አልጮሁም። "የሱ ከርከዴ አለመሆኑን ዛሬ ጠዋት ፍሪጁን ስከፍት ሽታው ነገረኝ። አውጥቼ ክፍሉ በር ሥር አስቀምጬለታለሁ። ይሄን ያስገባሁት ፍሪጄን አጥቤ ነው" አሉ። ከዚያ ሃይላንዱን አንስተው ለራሳቸው ቀዱና ሁሉም እያያቸው እስከ መጨረሻው ጠጡት።

ሐጂ "ቢስሚላህ" ብለው ጠጡ። ሌሎቹም ተከተሉ።

የኔው ሃይላንድ እውነትም ክፍሌ በር ሥር ፀሐይ ሲመታው ውሏል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ መሽተት ጀምሯል።

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ እትዬ ዘይነባ እግር ላይ ወደቅኩ። "ፍሪጅ ይታጠባል" አሉኝ። "የከፋኝ ልጄን መዋሸትህ ነው። ብትጠይቀኝ እምቢ እልህ ነበር፤ ነገሩም በዚያው ያልቅ ነበር።"

እጮኛዬ ቅዳሜ መጣች፤ የፍየል ጥብሱን በቀዝቃዛ ውሃ በላን። የፋጡማም ጋብቻ ተሳካ። በሠርጉ ዕለት እትዬ ዘይነባ የከርከዴውን ጆግ ሰጡኝና "ለሐጂ አንተ ቅዳላቸው" አሉኝ። ሐጂ እጄን አዩ፣ ፊቴንም አዩ። ከዚያ ምንም ሳይጠይቁኝ፣ ሳያሸቱትም ጠጡት።

ያን ጊዜ ከመጀመሪያው ቀን የበለጠ ደነገጥኩ። ከዋሸሁ በኋላ እንዲያ መታመኔ እስከ ዛሬ ያስፈራኛል።