የጥር ማር አይንቦጫቦጭም

ባለፈው ጥር ከሰቆጣ ወደ ወልድያ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ገና በደንብ ሳልቀመጥ የቤንዚን ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝ። ሌላው ተሳፋሪ ግድ ያለው አይመስልም፤ አንዱ ስልኩን ይነካካል፣ አንዱ ከወዲሁ ያንቀላፋል። እኔ ግን ቤንዚን በሸተተኝ ቁጥር ዕድሜዬ ወደ ዘጠኝ ዓመት ይመለሳል፤ ቢጫ የሠርግ ቀሚስ ለብሼ፣ እግሬን እያወዛወዝኩ፣ በሰው በተጨናነቀ አውቶቡስ መሐል ጄሪካን ላይ ተቀምጬ እገኛለሁ።

አባቴ ኪሮስ በሰቆጣ ከተማ መውጫ፣ ኬላው ላይ፣ የጭነት ተቆጣጣሪ ነበር። ኬላ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ገመድ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው፤ የአባቴ ሥራ ግን ከሰውና ከእህል ጋር መጫን የሌለበትን ነገር፣ ቤንዚኑን፣ የባትሪውን አሲድ፣ የተባይ መድኃኒቱን፣ ለይቶ ማውረድ ነበር። ደንቡ የተጻፈባትን ቀጭን መጽሐፍ በፌስታል ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይይዛታል፣ የገጠሩን ሰው በኽምጣኛ ሹፌሩን በአማርኛ ሰላም ይላል፣ ሹፌር ሲጮህበትም መጽሐፏን በእርጋታ ያወጣና «ማስቆም እችላለሁ፣ ማስከፈት እችላለሁ፣ ማስወረድ እችላለሁ፤ መሳደብ ግን እዚህ ላይ አልተጻፈልኝም» ይላል። ሰውዬውም የሚጣላው ሰው አጥቶ እየተነጫነጨ ሸራውን ይፈታል። አንድ ጊዜ ከጤፍ ጆንያ ሥር የተባይ መድኃኒት በርሜል ያስቀመጠን አንድ የተከበረ ነጋዴ ጭነቱን በሙሉ አስወርዶት ከተማው ለሳምንት ሌላ ወሬ አልነበረውም። ኪሮስ እናቱ ብትመጣ እንኳ ማሰሮዋን ሳያስከፍት አያሳልፋትም እያሉ ያሙት ነበር፤ እኔ ደግሞ ይህን ስሰማ ደረቴ ይነፋል።

አባቴ የሚፈትሸው በአፍንጫውና በጆሮው ነው። በርሜል ከሆነ በጣቱ ያንኳኳል፤ ጄሪካን ከሆነ ብድግ አድርጎ ጆሮው አጠገብ ያዘነብለውና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ቤት ውስጥ ይህ የእኛ የልጆቹ ጨዋታ ነበር፤ ዓይኑን በነጠላ አስረን በየጠርሙሱ የሞላነውን እያንቀሳቀስን «ይሄስ? ይሄስ?» እንለዋለን። ዘይት ሰነፍ ነው፣ ውሃ ለፍላፊ ነው፣ ቤንዚን ደግሞ ችኩል ነው ይለን ነበር፤ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም።

ታዲያ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ደሳለኝ፣ በጥር ወር ከሰቆጣ ወጣ ብላ ካለችው ጽጽቃ ሚስት ሊያገባ ሆነ። ሠርጉ በሙዚቃ እንዲደምቅ ጄኔሬተሩ አስቀድሞ ወደ አማቶቹ ቤት ሄዷል፤ ቤንዚን ግን እዚያ አይገኝም። አጎቴም የአባቴን ጠባይ ስለሚያውቅ ጉድ የሆነ ዘዴ ዘየደ። ጄሪካኑን ቤንዚን ሞላው፣ ክዳኑን በሰም ደፈነው፣ ዙሪያውን ዝንብ እስኪሰፍርበት ማር ለቀለቀው፣ ከዚያም የሠርጉ አውቶቡስ መሐል አስቀምጦ እኔን እላዩ ላይ ጉብ አደረገኝ። «አባትሽ ከጠየቀሽ ማር ነው በይ፤ እሺ የኔ ቆንጆ?» አለና ሁለት ከረሜላ እጄ ላይ አኖረ። እሺ አልኩት። በሁለት ከረሜላ!

አባቴ ያን ቀን እስከ ቀትር ተረኛ ስለነበር ከእኛ ጋር አልነበረም። ኬላው ጋ ስንደርስ ወደ አውቶቡሱ ወጣ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፣ እሱም እየሳቀ ሙሽራውን አገላብጦ ሳመው። አጎቴ አለፈልኝ ብሎ ተነፈሰ። አባቴ ግን ዘወር ብሎ በሩ ላይ የቆመውን ረዳት «ሲጋራህን አጥፋ» አለው፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም፣ እኔ ግን ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ከዚያ በሰው መሐል እየተሽሎከለከ መጣና ፊቴ ቆመ።

«ልጄ፣ ምን ላይ ነው የተቀመጥሽው?»

«ማር» አልኩት ዓይን ዓይኑን እያየሁ።

ብብቴን ይዞ አነሳኝና እናቴ ጭን ላይ አስቀመጠኝ። ጄሪካኑን ብድግ አድርጎ ጆሮው አጠገብ አዘነበለው። «ደሳለኝ፣» አለ፣ «የጥር ማር ይንቦጫቦጫል እንዴ?» ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፤ የእኛ አገር ነጭ ማር በጥር ብርድ ረግቶ በቢላ እንደሚቆፈር የማያውቅ የዋግ ሰው የት አለ! አጎቴ የሰቆጣ ልጅ ሆኖ፣ ማር እየላሰ አድጎ፣ ክዳኑን ለዓይን ሲያሳምር ውስጡን ረስቶታል።

ሳቁ ሲበርድ አጎቴ ነጭ ሱፉን እንደለበሰ አባቴ ጉልበት ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «አያ ኪሮስ፣ ዛሬን ብቻ ይለፉኝ፤ አማቶቼ ፊት አያዋርዱኝ!» እናቴም ተነስታ «አንተ ሰው፣ ወንድሜ እኮ ነው! በሠርጉ ቀን!» አለችው። አባቴ ሁለቱንም አየና «ዛሬማ እንዴት አሳልፋለሁ? እዚህ የተሳፈረው በሙሉ የእኔ ሰው ነው» አለ። ቀጥሎም «በሉ፣ ሁላችሁም ውረዱ» አለን።

ሚዜው፣ አጃቢው፣ እናቴ ከነሐበሻ ቀሚሷ፣ መንገድ ዳር አቧራው ላይ ቆምን። አባቴ ጄሪካኑን አወረደ፣ መስኮቶቹን ሁሉ አስከፈተ፣ የሹፌሩን መንጃ ፈቃድ ያዘ፣ ቅጹን አውጥቶ ጻፈ፣ ሙሽራውን አስፈረመ፤ ሽታው ከአውቶቡሱ ለቆ እስኪወጣ ድረስም አላንቀሳቅስም አለ። ጽጽቃ የደረስነው ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ነው። አማቶቹ ፊታቸውን አጥቁረው ጠበቁን፣ ጄኔሬተሩ ጥግ ላይ ዝም ብሎ ተቀመጠ፣ ዘፈኑም በከበሮና በሰው ጉሮሮ ብቻ ሆነ። አባቴ ተረኝነቱን ጨርሶ ማምሻውን ሲመጣ ሙሽራው አንገቱን አዞረበት።

አጎቴ ሁለት ፋሲካ ሙሉ ደጃችንን አልረገጠም። እናቴም ለብዙ ጊዜ ከአባቴ ጋር የምትነጋገረው በእኛ በኩል ነበር፤ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ እያለ «ለአባታችሁ ምሳ ቀርቧል በሉት» ትለናለች። አባቴ እያደር ከሳ። እኔ ደግሞ ዋሽቼው ሳይቆጣኝ መቅረቱ ነው ያንገበገበኝ፤ በጥፊ ቢለኝ በተሻለኝ ነበር። በሦስተኛው ፋሲካ አጎቴ ሚስቱን አስከትሎ፣ ጄሪካን ተሸክሞ መጣ። አባቴ ተነሳ፣ ጄሪካኑን ተቀበለው፣ ጆሮው አጠገብ አዘነበለው፣ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠና «ይሄስ ማር ነው» አለ። እናቴ ሳቋ አመለጣት፣ ሁለቱም ወንዶች ተቃቅፈው አለቀሱ።

አባቴ ካረፈ በኋላ ወረቀቶቹን ሳገላብጥ የዚያን ቀን ቅጽ የካርቦን ቅጂ አገኘሁ። እንደ ሁልጊዜው የተዋበ ጽሕፈት ነው። የጭነቱ ሁኔታ በሚለው ሥር እንዲህ ይላል፦ «ጄሪካኑ ላይ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ሕፃን ተቀምጣ ነበር። ከጀርባዋ ሲጋራ ይጨስ ነበር።» ልጄ አላለም፤ ሕፃን ነው ያለው። ግን «ሕፃን» የምትለው ቃል ላይ ብዕሩ ወረቀቱን በስቶታል። ለአጎቴ ሳሳየው መነጽሩን አድርጎ አነበበውና ቁጭ አለ። «እኔ ያን ቀን ያየሁት ሠርጌን ነው፣» አለኝ፣ «እሱ ያየው አንቺን።»

እና ያ የባለፈው ጥር ሚኒባስ። ሽታውን ተከትዬ ጎንበስ አልኩና ከወንበሬ ሥር የተደበቀ ጄሪካን አግኝቼ ሳብኩት። ረዳቱ ፈጠን ብሎ «ማር ነው እትዬ!» አለኝ። እኔም ብድግ አድርጌ ጆሮዬ አጠገብ አዘነበልኩት። ችኩል ነው። ይውረድ ስል ሹፌሩ ዞሮ «አንቺ በምን ሥልጣንሽ ነው?» አለኝ፤ ልክ ነው፣ እኔ አስተማሪ ነኝ፣ በደረት ኪሴ መጽሐፍ የለኝም። «ሥልጣን የለኝም፤ ግን ከዚህ ጋር አልሄድም» ብዬ ሻንጣዬን ይዤ ተነሳሁ።

ከኋላ ወንበር አንዲት አሮጊት «አንቺ፣ የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

«የኪሮስ። የኬላው።»

ድሮ ይህ ስም ሲጠራ ሹፌር ሁሉ ኬላው ሳይደርስ መንገድ ዳር ቆሞ ጭነቱን ራሱ ይፈትሽ ነበር። አሁን ዞር ዞር ብዬ ፊታቸውን አየሁ፤ ወጣቶቹ አንዳቸውም አላወቁትም። ያ ሁሉ ስም ከአንዲት አሮጊት በቀር ሰው አልቀረለትም።

እሳቸው ግን ነጠላቸውን ሰበሰቡና «በይ ያዥኝ ልጄ፣ ልውረድ» አሉኝ። እጃቸውን ይዤ አወረድኳቸው፤ ከኋላችን አንድ በአንድ ሌላውም ወረደ።