የውዴ ውሃ

ዳንግላ ውስጥ፣ ከገበያው በታች ባለው ቁልቁለት፣ አንድ ደረቅ የድንጋይ ግንብ አለ። በላዩ ላይ የአሥራ ሦስት ሰው ስም ተጽፎበታል። ሁለተኛው የእኔ ነው፤ ገበየሁ ይላል፣ ከሁሉም በትልቁ። ልጆቼ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁኝ የከብት ማሰሪያ ነው እያልኩ ስንት ዘመን አለፍኩ። አሁን እውነቱን ልናገር፤ በዚህ ዕድሜ ከእንግዲህ ማንን አፍራለሁ።

ነገሩ የውዴ ነው። ውዴ ለጠጅ ቤቶች ውሃ ትቀዳ ነበር። የተወለደችው ከዳንግላ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ካለ የአገው ገጠር ነው። ባሏ ቆላ ወርዶ ወባ ሲገድለው የአራት ወር ልጇን አዝላ ከተማ ገባች። ከዚያ ወዲያ ጀርባዋ ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ ልጅቱ ስትወርድ እንስራው ወጣ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነገር የማታበዛ ሴት ነበረች። አማርኛውን አሳምራ ትናገራለች፤ ዳገት ስትወጣ ግን እርምጃዋን የምትቆጥረው በአገውኛ ነበር።

ያኔ ከተማው የሚጠጣው ከወንዝ ነው። ከብቱም እዚያው ይጠጣል፣ ልብሱም እዚያው ይታጠባል። የውዴ ውሃ ግን ሌላ ነው፤ ክረምት ከበጋ እንደ እንባ የጠራ። የጠጅ ቤት ባለቤቷ እትዬ የሻረግ "ከውዴ ውሃ በቀር ጠጅ አልጥልም" ይሉ ነበር። ከየት እንደምትቀዳው ግን የጠየቃት የለም። ለድካሟ ከአንዱ ቤት ምሳ ትበላለች፣ ከሌላው ቤት ራት ትቋጥራለች፣ አልፎ አልፎም ጤፍ ይሰፍሩላታል። በዚያች ነው ልጇን እናትነሽን አምስተኛ ክፍል ያደረሰቻት። አምስተኛ ክፍል የደረሱት ሴቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ አንዷ የውሃ ቀጂ ልጅ መሆኗ አልዋጥ ያለው ሰው ሞልቶ ነበር።

በ1956 ዓመተ ምሕረት እኛ አሥራ ሦስታችን ዘጠነኛ ክፍል ነበርን። የሳይንስ መምህራችን አቶ ነጋ ከሌላ ጠቅላይ ግዛት የመጡ ወጣት ናቸው። "እጁ ጭቃ ያልነካ ተማሪ የተማረው አይረጋለትም" ይሉ ነበር። የወር በዓል ካልዋለ በቀር ረቡዕ ከሰዓት አካፋና ዶማ አስይዘው ያወጡናል። የመንገድ ቦይ ጠርገናል፣ ሽንት ቤት ቆፍረናል፣ ባሕር ዛፍ ተክለናል። እኔ ደግሞ ያኔም ዛሬም ቁጡ ነኝ፣ ጉራም አላጣም። ሽንት ቤት ቆፈረ ተብዬ እንድታወስ አልፈለግኩም። ሰው የሚያወራለት ሥራ ነበር ያማረኝ።

ጥር ላይ አቶ ነጋ ከመንገድ ሠሪዎች የተረፈ ሦስት ከረጢት ሲሚንቶ ለምነው አመጡ። አንድ ምንጭ በግንብ አጥረን ቧንቧ ልናወጣለት፣ ሕዝቡም ከከብት ጋራ ከመጋፋት ሊድን ነው። ግን በበጋ የማይነጥፈው ምንጭ የትኛው ነው? እርስ በርሳችን ተያየን። ኋላ አንዱ፣ "ውዴ ታውቃለች" አለ።

እንስራዋን አዝላ ስታልፍ አስቆምናት። አቶ ነጋ ዓላማውን አስረዷት። ሰማቻቸውና፣ "ታዲያ ያንን ውሃ ማነው የሚቀዳው?" አለች።

"ሁሉም ሰው ነዋ። ሕፃን ልጅ እንኳ ሄዶ ይቀዳል" አልኳት እኔ፣ ማን ጠራኝ ሳልል ጥልቅ ብዬ።

ውዴ ገመዱን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። "እሺ፤ ኑ ላሳያችሁ" አለች።

ከገበያው በታች ወስዳ ቄጠማ የሸፈነው ምንጭ አሳየችን። አቶ ነጋ "ሚያዝያ ላይም ይፈሳል?" ሲሏት "ይፈሳል" አለች፣ መሬት መሬቱን እያየች። ይህን ልብ ያልኩት ኋላ ነው፤ ያኔ ዐይኔ ውሃው ላይ ነበር።

ሰባት ረቡዕ ለፋን። ድንጋዩን ከወንዝ በትከሻ፣ አሸዋውን በቅርጫት አወጣን። መዳፌ ውሃ ቋጥሮ ፈረጠ፣ እንደገና ቋጠረ። ሲሚንቶው ሳይደርቅ አሥራ ሦስታችንም ስማችንን በሚስማር ጻፍንበት። ለምርቃቱ ሹሙ መጡ፣ ቄሱ ባረኩ፣ ንግግር ተደረገ። ውሃው ከቧንቧው ሲወርድ እናቴ እልል አለች። እኔም ዳንግላን ያቀናሁ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

በማግስቱ እትዬ የሻረግ ገረዳቸውን እንስራ አሸክመው ወደ ግንቡ ላኩ። ሌሎቹም ጠጅ ቤቶች እንደዚያው አደረጉ። ውዴን ከዚያ በኋላ ደጇ ላይ፣ ባዶ እንስራዋ አጠገብ ተቀምጣ ሁለት ሦስት ጊዜ አይቻታለሁ። ሰላም ብያት አለፍኩ። ምን ሆነች ብዬ እንኳ አላሰብኩም።

መጋቢት አጋማሽ ላይ ውሃው ቀጠነ። ሚያዝያ ሲገባ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ፣ ፋሲካ ሳይደርስ ጭራሽ ነጠፈ። የዳንግላ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አያልፈውም። በገበያ ስናልፍ "የት ይደርሳል የተባለ ወይፈን ልኳንዳ ቤት ተገኘ" ይሉናል። "ተማሪዎች፣ እስቲ አንድ ጣሳ ነፋስ ቅዱልን" ይሉናል። አቶ ነጋ ከቤት መውጣት ተዉ። እትዬ የሻረግም ሰው ልከው ውዴን አስጠሯት፤ መጣች፣ ውሃዋ እንደ ወትሮው እንደ እንባ የጠራ። ከተማው ሁሉ ሲደርቅ የእሷ ከየት መጣ? ይህን ራሴን ስጠይቅ ደሜ ፈላ።

አንድ ጧት ተከተልኳት። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ፣ የዶቅማ ዛፉ ጥቅጥቅ ካለበት ገባች። ቁጥቋጦውን ገለጥ አድርጋ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነሳች። ከሥሩ ውሃው ይፍለቀለቃል፤ ሚያዝያ መግባቱን የነገረው ያለ አይመስልም። ከገበያው ያለው ርቀት ከእኛ ግንብ ብዙም አይበልጥም።

"አውቀሽ ነው" አልኳት። "አውቀሽ ነው የሚነጥፍ ምንጭ ያስቆፈርሽን። ሰባት ሳምንት አስለፍተሽ የአገር መሳቂያ አደረግሽን።"

ትደነግጣለች ብዬ ነበር፤ አልደነገጠችም። የምትቀዳበትን ቅል አስቀምጣ ቀና አለች።

"አዎ፣ አውቄ ነው። ውሃው የት እንዳለ ጠየቃችሁኝ፣ ውዴ ምን ትበላለች ያለ ግን ከመካከላችሁ አልነበረም። እናትነሽ በምን ትማራለች ያለ አልነበረም። አንተም አላልክ፣ አስተማሪህም አላሉ። ሂድና ተናገር እንግዲህ።"

ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም፤ አንጀቴን በላችው። ብናገር ልጅቱ ከትምህርት ትቀራለች። ዝም ብል ከተማው ከከብት ጋራ ሲጠጣ ይኖራል፣ አቶ ነጋም እንደተዋረዱ ይቀራሉ። ዝም አልኩ። እናቴ ከወንዝ ደፍርሶ የመጣውን ውሃ በነጠላ ስታጠልል እያየሁ፣ ሆዴ እያወቀ፣ ዝም አልኩ።

ግንቦት ላይ ዝናብ ጣለና ዳገቱ አንሸራታች ሆነ። ውዴ ከነእንስራዋ ወደቀች። እንስራው ደቀቀ፣ ጉልበቷ ወለቀ፤ ወጌሻ አስሯት ቤት ዋለች።

በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ስሄድ እናትነሽን መንገድ ላይ አገኘኋት። ደብተር አልያዘችም። ከጠጅ ቤት የተዋሰችውን እንስራ አዝላለች፤ ገመዱ ደረቷን ሰንጎ ይዟታል። ልክ እንደ እናቷ ጎንበስ ብላ፣ እርምጃዋን በአገውኛ እየቆጠረች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ አለፈች። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። ያን ቀን ክፍል ውስጥ ምን እንደተማርን ጠይቁኝ፣ አላውቅም።

ረቡዕ ከሰዓት አካፋ ይዘን ልንወጣ ስንል ውዴ በዱላ ተደግፋ እያነከሰች ከበሩ ደረሰች። እናትነሽ እጇን ይዛታለች። እዚያው ቆማ፣ በሁላችን ፊት፣ ዋሽቼ ነበር አለች። ምንጩ ሌላ ነው፤ አውቄ ደበቅኩት፤ ኑ ላሳያችሁ አለች።

"እንስራውን አልለቅም ያልኩት ለዚች ልጅ ብዬ ነበር" አለች። "እኔ ጀርባ ላይ ሳለ ክብደቱ አይታየኝም ነበር። እሷ ጀርባ ላይ ሳየው ግን አልቻልኩም።"

እኔ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመናገሬ በፊት አሰብኩ።

"እርስዎስ ምን ይበላሉ?" አልኳት። ዳንግላ ውስጥ ውሃ ቀጂን እርስዎ የሚል ሰው አልነበረም፤ እኔም ብዬ አላውቅም።

አየችኝ። መልሱን ግን አስባበት ነው የመጣችው። "ከቧንቧው የሚተርፈው ውሃ ወደ ታች መፍሰሱ አይቀርም። ያንን ጭቃ ስጡኝ፣ ሽንኩርትና ጎመን ላብቅልበት። አካፋ እኮ አላችሁ" አለች። የቦታው ባለቤት የሆኑ አንድ ሽማግሌም "ጭቃ ምን ያደርግልኛል" ብለው ፈቀዱ።

ሲሚንቶ የቀረችን አንድ ከረጢት ነበረች፤ በእሷ ትንሽ ግንብ ሠራን። ከግንቡ ይልቅ ያደከመን የውዴ የሽንኩርት መደብ ነው። ድንጋይ ለቀምን፣ ቦይ ቀደድን፣ ከብት እንዳይገባ በእሾህ አጠርን። ሽንኩርቱ እስኪደርስ የአሥራ ሦስታችን ቤት በየተራ ምሳ እንዲልክላት ተስማማን። ሁለቱ ቤቶች ረሱ፤ ደጃቸው ድረስ ሄጄ ተጣልቼ አስታወስኳቸው። ቁጣዬ ለቁም ነገር የዋለው ያን ጊዜ ነው።

ግንቡ ያለቀው ሰኔ ላይ ነው። ሹም አልተጠራም፣ ንግግር አልተደረገም። ሲሚንቶው እርጥብ እንደሆነ ሚስማሩ እጄ ላይ ነበር፤ አሥራ ሦስታችንም ተያየን፣ ማንም ስሙን ሊጽፍ አልደፈረም። እናትነሽ ደብተሯን በብብቷ ይዛ ከትምህርት ቤት መጣች። ሚስማሩን ከእጄ ወስዳ ተንበረከከች፣ ቀስ ብላም ሁለት ፊደል ጻፈች።

ውዴ ማንበብ አትችልም። "ምን አልሽ እዚያ ላይ?" አለቻት።

"ስምሽን ነው፣ እማዬ።"

"አጥፊው። ሚያዝያ ላይ ቢደርቅ የሚሰደበው የእኔ ስም አይደለም?"

አቶ ነጋ ደነገጡ። "ይደርቃል እንዴ?" አሏት፣ ፈራ ተባ እያሉ።

ውዴ ሳቀች። ስትስቅ ሳያት ያኔ የመጀመሪያዬ ነው።

"አይደርቅም" አለች፤ አሁን ግን መሬቱን ሳይሆን ዐይን ዐይናችንን እያየች።