ስድስተኛው ቤት

የልጅ ልጄ እንግሊዛዊ ላገባ ነው ስትለኝ፣ «ሰባት ቤት ሳይቆጠር አልመርቅም» አልኩ። ለንደን፣ አርችዌይ ያለው ቤቴ መጥተው የልጁን ዘር በኮምፒውተር ቼክ አደረጉ። ስድስተኛው ቤት ላይ ልጁ ፊቱ ቀላ።

«ይኼኛው አያቱ ወታደር ነበር» አለች የልጅ ልጄ። «ከጦሩ ጠፍቶ ሲያዝ፣ በሰንሰለት አስረው በመርከብ አውስትራሊያ አጋዙት።»

«ለምን ጠፋ?»

«የታመመች እናቱን ሊያይ። ከብብቱ ሥር የከዳተኛ ምልክት ነቀሱበት።»

ክው አልኩ። እናቱን ሊያይ ስለሄደ? ወንድሜም እናታችንን ሊቀብር ከግንባር ጠፍቶ መጥቶ ነበር። «የሌላው እናት ልጅ እየሞተ አንተ ትቀመጣለህ?» ብዬ በሠልስቱ ማግስት የመለስኩት እኔ ነኝ። በዚያው ቀረ። ፍርድ ያወቅሁ መስሎኝ ነበር።

«እማማ፣ ሊከለክሉን ነው?»

«ለእናቱ የሚመጣ ዘር ነው፤ ይግባ። አንድ ቤት ይቀራል፤ ቁጠሩ።»