በልጄ ጆሮ ያኖርሁት ስም

ወጣቶቹ ናቸው «እማማ፣ ያንን የቁንዝላውን ነገር ለጉባኤው ይንገሩ» ብለው ከመቀመጫዬ ያስነሡኝ። እግሬ ቢያመኝም ጌታዬን ለማመስገን ይቆማል፤ ስሙ ይባረክ። ፊደል አልቆጠርሁም፤ ወሬዬ መንገድ ከሳተ መልሱኝ።

ወገኖቼ፣ እኔ ጣና ዳር፣ ቁንዝላ ላይ፣ ዓሣ እያደረቅሁ የምሸጥ ሴት ነበርሁ። ሐይቁ ያን ጊዜ እንደዛሬ በእንቦጭ አልተሸፈነም፤ ዓሣውም ዓሣ ነበር። ይሁን፣ ወደ ነገሬ ልመለስ። ከሐይቁ ዳር ደብሬ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ሁላችንም በእርሷ ድስት እንቀቅላለን፤ ከእጇ ግን እህል አንቀምስም። ቡዳ ናት፣ በዓይኗ ሰው ትበላለች ይባላል። ድስት ልገዛት ስሄድ እንኳ ልጄን ስንዱን ከነጠላዬ ሥር እደብቃት ነበር። ድስቱን አምነን ሠሪዋን ፈራን።

ስንዱ በሰባት ዓመቷ ታመመች። አንቀጠቀጣት፣ ነደደች፣ ኋላም ሰው መለየት ተወች። ጎረቤቱ ሁሉ «ተበልታለች» አለ። ልማዳችን እንዲህ ነበር፦ በሽተኛውን በጭስ ያጥኑትና «ማነው የበላህ?» ይሉታል። ስሙ የተጠራው ሰው ተይዞ ይመጣና እንትፍ ይልበታል፤ ያን ጊዜ ይለቀዋል ይባላል። እስከዚያ በሽተኛው ከቤት አይወጣም።

ስንዱን ቢያጥኗት ትስላለች እንጂ ስም አልወጣትም። እኔ እናቷ ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ፣ «ደብሬ በይ፣ ልጄ፣ ደብሬ በይ» አልኋት። እውነት መስሎኝ ነው፤ ግን አላየሁም፣ አላረጋገጥሁም። ልጅቱም በደከመ አንደበቷ «ደብሬ» አለች።

ወንዶቹ ሄደው ደብሬን እየጎተቱ አመጧት። የባሌ ወንድም «እንትፍ በይባት። አለዚያ ውርድ ከራሴ» አላት።

እንትፍ አለችባት። «ይኸው፣ ልባችሁ ደረሰ? አሁን ልጅቱን በጀልባ ባሕር ዳር አድርሷት። ይኼ ወባ ነው። የእኔንም ልጅ የነጠቀኝ ይኸው ነው» አለች። እኔም ልጄን አዝዬ ወደ ጀልባው ሮጥሁ።

ባሕር ዳር ሐኪሙ ደሟን አስመርምሮ፣ «እናቴ፣ ወባው ወደ ጭንቅላቷ ወጥቷል። የምንችለውን እናደርጋለን፤ ግን ለምን እንዲህ ቆያችሁ?» አለኝ። ለምን እንደቆየን እንዴት ብዬ ልንገረው?

ከጎናችን ባሏን የምታስታምም ዓለሚቱ የምትባል አማኝ ነበረች። ለስንዱ ጸለየችና ወደ እኔ ዞራ «አንችንስ ምን ከበደሽ?» አለችኝ። በልጄ ጆሮ ያልሁትን ነገርኋት። የምትጸየፈኝ መስሎኝ ነበር፤ እጄን ያዘችኝ።

«ኢየሱስ ይቅር ይልሻል፤ የሞተው ለዚሁ ነው። የደብሬ ስም ግን የጠፋው በሰው ፊት ነው፤ በሰው ፊት መልሽላት» አለች።

«ይሰድቡኛል እኮ።»

«ይስደቡሽ። እርሷስ ስትሰደብ ኖራ የለም?»

ወገኖቼ፣ ልጄ ትዳን አትዳን ሳላውቅ «እሺ ጌታ ሆይ» አልሁ። ያን ዕለት ሕይወቴን ሰጠሁት። በሦስተኛው ቀን ስንዱ ዓይኗን ገልጣ «እማ፣ ራበኝ» አለች። ክብር ለእርሱ ይሁን። ሐኪሙ በመድኃኒት ሠራ፣ ጌታ በሐኪሙ ሠራ፤ ሁለቱንም አመሰግናለሁ።

ቁንዝላ ስንመለስ ሰው ምን ቢል ጥሩ ነው? «አያችሁ፣ እንትፍ ስትል ለቀቀቻት። ቡዳነቷ ታወቀ፤ ካገር ትውጣ።» የልጄ መዳን ለደብሬ ፍርድ ሊሆን ነው። ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? ማንም። ግን ሰው መሆኔ የት ላይ ነው ታዲያ?

በገበያ ቀን ከገበያው መካከል ቆምሁ። «ስሟን በልጄ ጆሮ የነገርኋት እኔ ነኝ። ልጄን የነከሳት ትንኝ ነው። ደብሬ እጇ የለበትም» አልሁ።

ዓሣ ሻጭ ጓደኛዬ «ወይኔ፣ ይችንም በላቻት። ጭስ አምጡ፣ እየለፈለፈች ነው» አለች። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ደብሬ ድስቶቿን ወደ ዘረጋችበት ሄጄ «ደብሬ፣ ከያዝሽው ቆሎ ዝገኝልኝ» አልኋት።

አየችኝ አየችኝና «ለሰው እይታ ነው ወይስ ርቦሽ ነው?» አለችኝ።

«ሁለቱም ነው።»

ዘገነችልኝ። እያዩኝ ቆረጠምሁት። «እርሷን የሚያስወጣ አስቀድሞ እኔን ያስወጣ» ስል ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ደብሬ ከቤቷ ንቅንቅ አላለችም። ጌታ ይመስገን፣ አሁንም ይመስገን። ያቺ ስንዱ ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ይኸው እዚህ ተቀምጣለች።

ልጆቼ፣ ሐኪም ልጄን ፈወሰልኝ፤ ጌታ ደግሞ እኔን ሰው አደረገኝ። እናንተም ሳታዩ የማንን ስም በማን ጆሮ አኑራችኋል? አትፍሩ፣ አምጡለት። መዋረዱ አንድ ቀን ነው፤ ነፃነቱ ግን ዕድሜ ልክ ነው።

ደብሬ ካረፈች በኋላ፣ ያ ነገር ከሆነ ብዙ ዘመን አልፎ፣ ለቅሶ ልደርስ ሄድሁ። ደቅ ደሴት የሚኖር ወንድሟ ነገረኝ። ስንዱ የታመመች ጊዜ ወንዶቹ ሊይዟት እንደሚመጡ ሰምቶ ታንኳውን ደጇ ድረስ አቅርቦላት ነበር። «ነይ እንሽሽ» ቢላት፣ «እኔን ካላገኙ ልጅቱን ከቤት አያወጧትም፤ ትሞትባቸዋለች» ብላ ቁጭ ብላ ጠበቀቻቸው።