ውሃ የማይቀበሉ ሙታን

አናጢው አኮቶ በመጠጥ ተበላሸ የሚል ሁሉ ውሸታም ነው። አኮቶ የተበላሸው በጸሎት ነው።

የቤተሰቡ አንደበት እሱ ነበር። ልጅ ሲወለድ፣ ሙሽራ ስትሸኝ፣ ሬሳ ሲወጣ ብርጭቆ ይዞ የሚቆም፣ ሽናፕሱን፣ ያንን የፈረንጅ አረቄ፣ መሬት ላይ ጠብ እያደረገ የሞቱትን አያቶች በየስማቸው የሚማጸን፣ ሕዝቡም በየስሙ «ይሁን!» እያለ የሚመልስለት። ወጉ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ለሙታን ከተፈሰሰ በኋላ ቀሪውን የሚጨልጠው ጸሎተኛው ነው። አያቶች ብዙ፣ ልደት ብዙ፣ ቀብር ከሁሉ የበዛ! ውሎ አድሮ መሬቷ ጠብታ ስትቀምስ እሱ ብርጭቆ ሙሉ ይቀምስ ጀመር። ከዚያ ያለ ቀብርም ቀመሰ። ሽናፕስ ሲወደድበት ወደ መንደሩ አረቄ ወረደ። እጁ መላጊያውን ይዞ ተንቀጠቀጠ፣ የሠራው በር አልገጥም አለ። የተከበሩት ሽማግሌዎቻችን ምን አሉ? «የአያቶች መንፈስ ሲያድርበት ነው» አሉ። መንፈስስ አድሮበታል፤ በጠርሙስ የሚሸጠው።

ሚስቱ አፍራኮማ እየጎተተች ኮረብታው ላይ ካለው ቤተ ጸሎት አደረሰችው። ፓስተር ኦዱሮ ጭንቅላቱን ይዞ ናጠው፣ ማይክሮፎኑ እስኪያፏጭ ጮኸበት፣ ሰይጣኑን ከነዘር ማንዘሩ ረገመው። በመጨረሻም አዘዘው፤ «ጠዋት ማታ ምፓኤ! ጥሙ በመጣብህ ቁጥር ምፓኤ!»

በእኛ ቋንቋ ለእግዜር የሚደረገውም ጸሎት ምፓኤ ነው፤ ለአያቶች እያፈሰሱ የሚደረገውም ምፓኤ ነው። አኮቶ የሚያውቀው አንዱን ብቻ። ታዛዥ ሰው ነበርና ጥሙ በመጣበት ቁጥር ሽናፕስ ቀድቶ ጸለየ። እንደዚያ ሳምንት ሰክሮ አያውቅም።

«ምን እያደረግህ ነው አንተ ሰውዬ?» አለች አፍራኮማ።

«ፓስተሩ ያዘዘኝን።»

ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ! ጠርሙሱን ነጥቃ ከእንስራው ውሃ በኩባያ ቀዳችለት። «በዚህ ጸልይ።»

«አያቶቼ ይሰድቡኛል።»

«እንግዳ ሲመጣብህ መጀመሪያ የምትሰጠው ምንድን ነው?»

«ውሃ።»

«እነሱስ ስንት አገር አቋርጠው ነው የሚመጡት?»

አኮቶ ኩባያውን ተቀበለ። ከዚያ ወዲያ የአረቄ ቤቱ ራዲዮ መጮህ ሲጀምር ጓሮው መሐል የውሃ ኩባያ ይዞ ቆሞ ሟች አባቱን ይጠራ ነበር። «አባቴ ኦፖኩ፣ ጉሮሮዬ እየነደደ ነው። እንካ ጠጣ፣ እኔም እጠጣለሁ። ይቺ ሰዓት እስክታልፍ ከጎኔ አትራቅ።» ጎረቤት በአጥር እያየ ተሳለቀ። በሮቹ ግን መግጠም ጀመሩ። ፓስተሩም «ነጻ ያወጣሁት ሰው!» እያለ በየጉባኤው ያስመሰክረው ጀመር። ኩባያውን አያውቅማ።

የቤተሰቡ አለቃ የሽማግሌው የናና ጂማህ እህት ያረፉት ይህን ጊዜ ነው። አኮቶ ተጠራ፤ ኩባያውን ይዞ መጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ናና ጂማህ።

«ውሃ ነው ናና። አሁን የምጸልየው በዚህ ነው።»

«እህቴን ልታጥባት ነው?» ለቀስተኛው ሳቀ።

«ሌላ ሰው ያፍስስ ናና፤ እኔን ይማሩኝ።»

«ስማቸውን ከነትውልዱ ካንተ በቀር ማን ያውቃል? አፍስስ፣ አትጠጣ፤ ማን አስገደደህ?»

ሽናፕሱን አፈሰሰ። እንደዚያን ቀን ጸልዮ አያውቅም፤ ድንጋይ የሆኑት እንኳ አለቀሱ። ቀሪው ብርጭቆው ውስጥ ቀረ።

«ጸሎተኛው ያልቀመሰው መርዝ ነው!» አለ አንዱ ከአግዳሚው።

«ተዉት እባካችሁ፣ ሚስቱ ትገርፈዋለች!»

«አንድ ጉንጭ ሰው አይገድልም ልጄ» አሉ ናና ጂማህ፣ በርኅራኄ። ቢቆጡት እምቢ ይል ነበር፤ ርኅራኄያቸው ነው የጣለው። አኮቶ በዓይኑ አፍራኮማን ፈለገ፤ እሷ ከቤቱ ጀርባ ድስት ላይ ነበረች። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ እጁን ዘርግቶ ብርጭቆውን ቢቀበለው ኖሮ! ማንም አልዘረጋም። ጨለጠው።

በማግስቱ ወደ ቤተ ጸሎት ወጣ። ፓስተር ኦዱሮ በር ላይ ጠበቀው። ጠጣህ አላለውም፤ «ለጣዖት አፈሰስክ!» አለው እንጂ። ምስኪኑ ሁሉን ሊናዘዝ ብሎ ስለ ኩባያውም ነገረው። «እሱም ጣዖት ነው» ተባለ። ወደ ቤቱ ተመለሰና ኩባያውን ደፍቶ አስቀመጠ። አፍራኮማ ብትለምነው፣ ብታለቅስበት፣ ዳግመኛ አላነሳውም። የዚያ ዓመት ዝናብ ሳያባራ፣ ሰክሮ ከወደቀበት ከአረቄ ቤቱ ፊት ካለው ቦይ ሬሳው ወጣ።

ለቀብሩ ናና ጂማህ ውዱን ሽናፕስ አስከፈቱ። አንደበት የለምና ራሳቸው ቆሙ።

«አኮቶ፣ እንግዲህ አንተም አያት ሆነሃል። ይኸው፣ የምትወደውን…»

አፍራኮማ መጥታ ብርጭቆውን በመዳፏ ከደነች። «አይጠጣም።»

«ምን አልሽ?»

«ትቷል። እናንተ ሳትጠሩት ትቶ ነበር።»

«እኔኮ አንድ ጉንጭ…» አሉ ሽማግሌው፤ ሳይጨርሱት አጎነበሱ።

እሷ ኩባያውን ከነጠላዋ ስር አወጣችና ውሃውን ቀስ ብላ አፈሰሰች። የትውልዱን ስም አታውቅም፤ የምታውቀው አንድ ስም ብቻ ነበር፣ እሱን ጠራች። እንደ ወጉ «ይሁን!» ብሎ የሚመልስላት ጠፋ።