ሰሙ የላላ ዕለት

ደርግ ከወደቀ ወዲህ ነው። እግሬ አንድ ቦታ አያርፍም ነበርና፣ ዘፋኟን ልጄን ተከትዬ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ለሰርግ ሄድሁ። ልጄ አባቷ ትቶላት የሞተውን ክራር የብረት አውታር አስገጥማዋለች፤ ከአውታሩ ሥር ደግሞ ድምፅ የምትለቅም ትንሽ ማግኔት አለች፤ ሽቦዋ ማጉያው ላይ ይሰካል። እንዲህ ያለውን ክራር ይዛ ሰርግ ስትወጣ ያ የመጀመሪያዋ ነው።

የማግኔቷ አቀማመጥ ነገር አለው። አውታሩ ከሚያርፍበት ብርኩማ አጠገብ ስትሆን ድምፁ ቀጭን ነው፣ ጥርት ይላል። ከብርኩማው ርቃ ወደ ላይ ስትወጣ ይወፍራል፣ ትከሻ ያስነሳል። ልጄ ጭፈራውን አስባ ወደ ላይ አድርጋ በሰም ለጠፈቻት። እኛ አገር በሰም የማይጠገን ምን አለ?

ዳሱ ሞላ። ገና በመጀመሪያው ዘፈን ክራሩ ቃሏን እንደ ጎርፍ ዋጠው። ማጉያውን ብትቀንስ ከኋላ ያለው ሰው "አይሰማም!" ብሎ ጮኸ። የሙሽራው አጎት መጡ።

"አንቺ ልጅ፣ ክራር ነው ወፍጮ ይዘሽ የመጣሽ? አሁን የሙሽሪት አባት ግጥም ይሰጣሉ። የሳቸው ቃል ካልተሰማ ቴፑን አስከፍታለሁ፤ አንቺም ቡሬን እርሻት!"

"እሺ፣ ጋሼ" አለች።

አባትየው ተነሡ። "ተቀበይ!" ብለው ግጥሙን ነገሯት።

ዳሱ በሰው ትንፋሽ ግሏል። ከጎኗ መሬት ላይ ተቀምጬ ሳይ፣ ሰሙ ላልቶ ማግኔቷ ቁልቁል ትንሸራተታለች። ብርኩማው ጋ ደርሳ ቆመች። ድምፁ ቀጠነ።

"እማ፣ ተበላሸ!"

"ምንም አልሆነ፤ ዝፈኚ።"

*ልጄን ሰጠኋችሁ የቤቴን መብራት፣*
*ከፍ አርጋችሁ ያዟት ነፋስ እንዳይነካት።*

አንድም ቃል አልጠፋ። አባትየው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ጎረምሶች ለጭፈራ ሲነሡ ግን፣ "ምነው፣ ክራሩ ውስጥ ትንኝ ገባ እንዴ?" አለ አንዱ። ሳቁ። አጎትየው ወደ ቴፑ ዞሩ።

እጄን በጎን ሰደድሁና ማግኔቷን ወደ ላይ ገፋኋት፤ ለስላሳው ሰም አብሮ መጣ። ድምፁ ወፈረ፣ ትከሻው ሁሉ ተነሣ። ግጥም ሲመጣ ወደ ታች፣ ጭፈራ ሲመጣ ወደ ላይ አደርጋት ጀመር። ልጄ በዓይኗ ትጠቅሰኛለች፣ እኔ እገፋለሁ።

አጎትየው ተመልሰው መጡ። "እሜቴ፣ እርስዎ ደግሞ ምን ይጎረጉራሉ?"

ልጄ መምታቷን ሳታቆም፣ "እናቴ ናቸው፣ ጋሼ። ግማሹን የሚጫወቱት እሳቸው ናቸው" አለች።

ማግኔቷን ስገፋ ድምፁ መለወጡን አጎትየው ልብ አሉ። ከዚያ ወደ አሳላፊዎቹ ዞረው፣ "ምን ታያላችሁ? ለእማማ በርጩማ አቀብሉ እንጂ!" አሉ።

ቴፑ እንደተዘጋ ዋለ።